ቱኩምካሪ ላይ 34 ሰዓት፦ ያልኖርኩበት ዘመን ለምን ናፈቀኝ?

ድሬ_ቀዚራ (እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ከትራክ ስቶፕ ነው፤ ኒው ሜክሲኮ፣ ቱኩምካሪ። 70 ሰዓቴ አልቆ ሪሴት ላይ ነኝ። ሹፌር ላልሆናችሁ፦ በስምንት ቀን ውስጥ 70 ሰዓት ከሠራህ ሕጉ አቁም ይልሃል፤ 34 ሰዓት በተከታታይ ካረፍክ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምርልሃል። ጭነቱ ደረቅ ነው፣ ኦክላሆማ ሲቲ የሚራገፈው ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ስለዚህ ዲስፓቸሬም (ጭነት የሚመድብልኝ ሰው) ለዛሬ አልጮኸብኝም።

በዚህ መንገድ ስድስት ዓመት ተመላልሻለሁ። ከአይ-40 አውራ ጎዳና ላይ ሆነህ ስታየው ቱኩምካሪ ማለት ነዳጅ፣ ሻወርና በርገር ነው። ዛሬ ግን ተጋድሞ ስልክ መነካካት ሰለቸኝና በእግሬ ወደ ከተማው ገባሁ።

ዋናው ጎዳና የድሮው ሩት 66 ነው። በ1926 ቁጥር ተሰጥቶት ከቺካጎ እስከ ሳንታ ሞኒካ 2,448 ማይል ይዘልቅ የነበረው መንገድ። ኢንተርስቴቱ እየተሠራ ከተሞቹን አንድ በአንድ በጎን እያለፋቸው መጣና በ1985 ጭራሽ ከመንገዶች ዝርዝር ተሰረዘ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ስምንት እንዳትቀንሱልኝ።) ከሞቴሎቹ ብዙዎቹ ተዘግተዋል። አንዱ የመዋኛ ገንዳው ውስጥ ዛፍ በቅሎበታል፤ ቅጠሉ ከአጥሩ በላይ ይታያል። ከዚያ ሁሉ ፍርስራሽ መሀል ብሉ ስዋሎ የሚባል በ1939 መሠራት የጀመረ ሞቴል እስከ ዛሬ ይሠራል። ከክፍሎቹ ጎን ጎን ለእንግዳው መኪና የሚሆን ጋራዥ አለ፣ እንደ በረት። መሸት ሲል የኒዮን መብራቱን አበሩት። ሰማያዊ ወፍ ክንፏን ዘርግታ።

ቀርቤ ቆምኩ። የኒዮን መብራት ድምፅ እንዳለው ታውቃላችሁ? ከሩቅ አይሰማም። አጠገቡ ስትደርሱ እንደ ንብ ቀፎ ዝዝዝ ይላል። በረንዳ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ሲያየኝ ጊዜ ማስረዳት ጀመረ፦ ቀዩ ራሱ የኒዮን ጋዝ ነው፣ ሰማያዊው ግን አርጎን ነው፣ ትንሽ ሜርኩሪ ጠብ ተደርጎበት። ቱቦውን ሰው በእሳት እያሞቀ በእጁ ነው የሚያጥፈው። «የአንድ ሰው ትንፋሽ አለበት» አለኝ፤ ለካ እውነቱን ነው፣ ቱቦው ሲታጠፍ እንዳይጣበቅ በአፍ ይነፋበታል።

ከዚያ በፊት ግን፣ ገና ሳይመሽ፣ ወደ ባቡር ጣቢያው ወርጄ ነበር። ነገሩ የመጣብኝ እዚያ ነው።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ቀዚራ፣ ከምድር ባቡር አጥር ሥር ነው ያደግሁት። አያቴ ባቡር ነበር የሚሠራው፤ ሰዓት አልነበረንም፣ ፊሽካው ነበር ሰዓታችን። የቱኩምካሪ ጣቢያ በ1926 የተሠራ፣ ነጭ ግድግዳና ቀይ የሸክላ ጣሪያ ያለው ሕንፃ ነው፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። በረንዳው፣ ቅስቱ፣ ጥላው፣ ባዶው አግዳሚ ወንበር... እግሬ ቆመ። የጭነት ባቡር መጥቶ ሳይቆም አለፈ። እኛም አገር አዲሱ ባቡር ሲመጣ ጣቢያውን ከከተማ አውጥተው ሠሩት። ድሬዳዋ ግን የተወለደችው በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ ነበር።

ስመለስ በአንድ ጠባብ መንገድ ገባሁ፤ የጡብ ግድግዳ ላይ የደበዘዘ የእጅ ጽሑፍ አለ። የዕቃ ቤት ማስታወቂያ ይመስለኛል። የመጨረሻዎቹ ፊደላት ቦታ አጥተው ተጨናንቀዋል። እዚያው ቆሜ ዐይኔ እንባ አቀረረ። ሰው ቢያየኝ ምን ይላል?

ጥያቄዬ ይህ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ 11 ዓመቴ ነው። የነሱ 1950ዎቹ የኔ አይደሉም። ታዲያ በሰው ትዝታ ሆዴ የሚባባው ለምንድን ነው? እንዲህ የሆነ ሌላ ሰው አለ ወይስ እንቅልፍ አጥቼ ነው?

---

ሰብለ_ካንሳስ (እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡02)

እንቅልፍ አጥተህ አይደለም። ወይም ሁላችንም አጥተናል 😄

እኔ ሳላይና ነው የምኖረው፣ ነርስ ነኝ። እዚህ ስመጣ «ካንሳስ ምን አለ?» ያላለኝ ሰው የለም። ልጆቼን ይዤ ሉካስ የምትባል ከተማ ሄድኩ፤ ሕዝቧ አራት መቶ አይሞላም። እዚያ ዲንስሙር የሚባል የእርስ በርስ ጦርነት ዘማች የነበረ ሽማግሌ በ1907 ቤት መሥራት ጀመረ። ቤቱ የግንድ ቤት ይመስላል፣ ግንዱ ግን ድንጋይ ነው! እንደ እንጨት የተጠረበ የካንሳስ ድንጋይ። ከዚያ ግቢውን በሲሚንቶ ዛፍ ሞላው። 113 ቶን ሲሚንቶ። አዳምና ሔዋን አሉ፣ እባቡ አለ፣ ቃየንና አቤል አሉ። ከኋላ በኩል ደግሞ ሠራተኛው ተሰቅሏል፤ ሰቃዮቹ ማን ናቸው? ጠበቃው፣ ሐኪሙ፣ ሰባኪውና ባንከኛው። እኔ የሐኪም ቤት ሰው ስለሆንኩ ትንሽ ደነገጥኩ።

ሥዕል አልተማረም። ማንም አላዘዘውም። ቁጭ ብዬ ሳየው ምን ትዝ አለኝ? የእናቴ አገር ደብር ግድግዳ። እዚያም ዲያብሎሱ የሚሣለው የሰፈሩ ሰው የሚያውቀውን ክፉ ሰው አስመስለው ነው ይባል ነበር።

ማስጠንቀቂያ ለወላጆች፦ ሰውየው በ1932 ሲሞት የተቀበረው እዚያው ግቢ፣ ራሱ በሠራው የሲሚንቶ ቤት ውስጥ፣ መስታወት ክዳን ባለው ሳጥን ነው። ዛሬም ይታያል። አስጎብኚዋ ባትሪ አብርታ «ይኸው» አለችን። ትንሹ ልጄ ሦስት ሌሊት አልጋዬ ላይ ተኛ።

ሌላ ደግሞ፦ የከተማዋ የሕዝብ ሽንት ቤት በ2012 የተሠራው በሽንት ቤት መቀመጫ ቅርጽ ነው። ክዳኑ የተከፈተ። ግድግዳው ሁሉ ሰዎች ባመጡት ሸክላ ስባሪና መጫወቻ ተለብጧል። ገብታችሁ እስክትወጡ ፎቶ ነው የምታነሱት።

---

ዳላስ_ነኝ (እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡30)

ድሬ፣ ነገ ወደ ምሥራቅ ስትነዳ አማሪሎ ሳትደርስ ካዲላክ ራንች አለልህ። አስር ካዲላክ በአፍንጫቸው መሬት ውስጥ ተተክለዋል፣ ከ1974 ጀምሮ። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ በ1997 ነቅለው ወደ ምዕራብ ወሰዷቸው፤ አያስቅም? ሐውልት ሰፈር ለቀቀ። ሰው ሁሉ ስፕሬይ ይዞ እየሄደ ስሙን ይጽፋል፣ በማግስቱ ሌላው ይቀባበታል። ቀለሙ ተደራርቦ ተደራርቦ የበሩ ጠርዝ እንደ ዳቦ ቅርፊት ወፍሯል። እኔም «እማዬ» ብዬ በአማርኛ ጽፌ ነበር። ስንት ሰዓት እንደቆየ እግዜር ይወቀው።

ምክር፦ ትሬለርህን ይዘህ የማታውቀው ከተማ መሀል እንዳትገባ። እኔ የግድግዳ ሥዕል ልይ ብዬ 53 ጫማ ርዝመት ያለው ትሬለሬን ይዤ አንድ ትንሽ ከተማ ገብቼ ትራክ የተከለከለበት መንገድ ላይ ተገኘሁ። መታጠፊያ የለም። አንድ ፖሊስ ከኋላ፣ አንዲት አሮጊት ከፊት፣ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እያለች። ቅጣቱ 240 ዶላር። ሥዕሉን አላየሁትም።

«አርት» ካላችሁ ግን ማርፋ ሂዱና ተዓምር እዩ። ከኤል ፓሶ ሦስት ሰዓት በረሃ ነው። ዶናልድ ጀድ የሚባል የኒው ዮርክ ሰው በ1970ዎቹ መጥቶ የተዘጋ የጦር ሰፈር ውስጥ 100 የአሉሚኒየም ሳጥን ደረደረ። ሳጥን! በውጪ ሁሉም እኩል፣ በውስጥ ሁሉም የተለያየ። መጀመሪያ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የነዳሁት?» አልኩ። ከዚያ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ አንዱ ሳጥን ባዶ አየር መሰለ፣ ቀጥሎ ያለው ብርቱካን ሆነ። አንድ ሰዓት ቆየሁ፣ ለሚስቴ ግን አልነገርኳትም። ከዚያ ወጣ ብሎ ቫለንታይን አጠገብ፣ ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ የፕራዳ ሱቅ አለ፤ በ2005 ሁለት ሠዓሊዎች የሠሩት፣ በሩ የማይከፈት። በተከፈተ ሰሞን ሌባ ገብቶ ጫማውን ጠራርጎ ስለወሰደ አሁን የቀኝ እግር ብቻ ነው የተደረደረው። ሀበሻ ቢሆን ያን ጊዜም የግራውን ሱቅ ይፈልግ ነበር።

---

እውነቱን_ልንገራችሁ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15)

ይቅርታ፣ ጨዋታችሁን ላበላሽ ነው።

ነብራስካ ውስጥ ስጋ ፋብሪካ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሕዝቧ ሦስት ሺህ በማይሞላ ከተማ። እናንተ «ሲያምር» ብላችሁ ፎቶ የምታነሱት የተዘጋ ሱቅ ሰው የከሰረበት ነው። የዚያ የዕቃ ቤት ባለቤት ልጅ ምናልባት አሁን ዳር ላይ ባለው የዶላር ሱቅ ሣጥን ያወርዳል። ዝገት አርት አይደለም፣ ዝገት ዝገት ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አገር ቤት ፈረንጅ መጥቶ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ላይ ቆሞ፣ ባለ አህያዋን፣ የተቀደደውን ጫማ፣ የፈረሰውን ጭቃ ቤት ጠጋ ብሎ ሲያነሳ አንናደድም ነበር? «ድህነታችን ምኑ ያምራል?» አላልንም? አሁን ካሜራው እጃችን ገባና እኛው ያንን ሆንን። ለውጡ የራሳችን ትራክ ስላለን ብቻ ነው።

ሁለተኛ ነገር። ያ «ወርቃማ ዘመን» የሚሉት ለማን ነበር ወርቃማ? ድሬ፣ በ1950 ያንን ሞቴል ደጅ ረግጠህ ክፍል ስጡኝ ብትል ምን ይሉህ እንደነበር አስበሃል? ፀሐይ ስትጠልቅ ጥቁር እንዳይገኝብን የሚሉ ከተሞች ነበሩ። ለኒዮኑ ከማልቀስህ በፊት በማን ላይ ይበራ እንደነበር ጠይቅ።

---

ዳላስ_ነኝ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40)

አንተ ሰው ቡና ሳትጠጣ አትጻፍ።

---

አወያይ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05)

በሐሳብ እንሟገት፣ ሰው አንንካ። ክሩ ደርዝ እየያዘ ነው፤ አትዝጉብኝ።

---

ድሬ_ቀዚራ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20)

እውነቱን፣ የፈረንጁና የአህያው ነገር ቆንጥጦኛል። ሌሊቱን ስገላበጥ ነበር። ልክ ነህ ልልህ ነው፣ ግን ግማሹን።

ሁለተኛውን ጥያቄህን በመጀመሪያ። አስቤበታለሁ፣ ምክንያቱም በዚሁ መንገድ ላይ አይቻለሁ። ቪክተር ግሪን የሚባል የሐርለም ፖስተኛ በ1936 ለጥቁር መንገደኞች የት እንደሚያድሩ፣ የት እንደሚበሉ፣ የት ነዳጅ እንደሚቀዱ የሚነግር መምሪያ ማተም ጀመረ፤ በየጊዜው እየታደሰ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ወጥቷል። ባለፈው ዓመት ኦክላሆማ ላይ፣ ሉተር አጠገብ፣ ከአሸዋ ድንጋይ የተሠራ አነስ ያለ ማደያ አየሁ። የጥቁር ቤተሰብ ንብረት ነበር፤ በሩት 66 ላይ ጥቁር መንገደኛ ልቡ ሳይርድ የሚቆምበት። ነዳጅ መሳቢያው የለም፣ ድንጋዩ ግን ጠርዙ እንኳ አልተሸረፈም። እዚያ ስቆምም ሆዴ ባብቷል። ስለዚህ የኔ ትዝታ የነጩን ሰው 1950 መልስልኝ የሚል አይደለም። የቆመልኝ ሰው የትኛው እንደነበር እየለየሁ ነው የማየው።

ፎቶ ማንሳቱን በተመለከተ ግን መልስ የለኝም። ትናንት የጣቢያው ሙዚየም ውስጥ አንድ በጎ ፈቃደኛ ሴትዮ ነበሩ፣ ሰማንያውን ያለፉ። ስልኬን ሳወጣ አፈርኩና «ማንሳት ይቻላል?» አልኳቸው። «አንሳ፣ አንሳ፤ ከየት ነህ?» አሉኝ። ባቡር ካለበት ከተማ አልኳቸው። ከዚያ እሳቸው ናቸው ጥያቄ የጀመሩት። ባቡሩ በከሰል ነበር በናፍጣ? ፊሽካው በቀን ስንት ጊዜ? ባቡሩ የቆመ ቀን ምን አደረጋችሁ? በመጨረሻ የሙዚየሙን የእንግዳ መዝገብ ሰጡኝና ድሬዳዋ ብዬ ጻፍኩ። እሳቸውም ከሥሩ አነበቡት፣ «ዲሬ ዳዋ» እያሉ፣ ሁለት ሦስቴ።

ፈረንጁ ባለ አህያዋን ስሟን ጠይቋት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል እንናደድ ነበር? አላውቅም።

---

እውነቱን_ልንገራችሁ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡45)

ይህን እቀበላለሁ። የመጀመሪያው ጽሑፍህ ውስጥ ግን ሴትዮዋ አልነበሩም፣ አግዳሚ ወንበሩ ነበር እንጂ።

---

ድሬ_ቀዚራ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡47)

እሱስ እውነት።

---

ፖስተኛዋ (ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30)

ምሳ ሰዓቴ ላይ ነኝ፣ በፍጥነት ልጻፍ። ኢሊኖይ ውስጥ ሜይል ካሪየር ነኝ። ሁላችሁም ስለ ግድግዳ ስታወሩ የኛን ነገር ረስታችኋል፤ ፖስታ ቤት።

1930ዎቹ፣ ያ ትልቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ መንግሥት አዲስ ለሚሠራቸው ፖስታ ቤቶች ከሕንፃው ወጪ አንድ በመቶ ገደማ ለሥዕል መደበ። ብዙ ሰው ይህን ከሥራ አጥ ሠዓሊዎች ድጎማ ጋር ያምታታዋል፤ እሱ ሌላ ነው። ይሄኛው የግምጃ ቤቱ ክፍል ነበር፣ ከ1934 እስከ 1943። ሠዓሊው ንድፉን ስሙን ሳይጽፍ ይልካል፣ ዳኞቹ የማን እንደሆነ ሳያውቁ ይመርጣሉ። ከሺህ በላይ ከተሞች በዚህ መንገድ ሥዕል አገኙ። ሙዚየም አይቶ የማያውቅ ገበሬ ቴምብር ሊገዛ ሲገባ ቀና ብሎ ሥዕል ያያል፤ ሐሳቡ ይኸው ነው።

አሁን የኔን ልንገራችሁ። በምሠራበት ቤት ሥዕሉ ያለው ከኃላፊው ቢሮ በር በላይ ነው። ሁሉም ጋ ማለት ይቻላል እዚያ ነው፣ ምክንያቱም ባዶ ግድግዳ የነበረው እዚያ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥዕሎቹ ሁሉ ሰፊና አጭር ናቸው፣ ከሥር መሀላቸው በበሩ መቃን ተነክሷል። የኛ ሠዓሊ በሩን ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ? የበሩን አናት ኮረብታ አደረገው። ሁለት በሬዎች ኮረብታው ላይ ወጥተው እርሻ ያርሳሉ። ሰባት ዓመት ከሥሩ አልፌ አንድ ቀን መሰላል ላይ ወጥቼ አምፖል ስቀይር ነው የበሬውን ዐይን ያየሁት። አንድ ነጭ ነጥብ ናት፣ ከምስር አትበልጥም። ከታች ማንም አያያትም። ሆኖም ሣላት።

ደግሞ እውነቱን ያነሳው ነገር እዚህም አለ። ደቡብ ካሮላይና፣ ኤከን ውስጥ ስቴፋን ሂርሽ የሚባል ሠዓሊ በ1938 ለፌዴራል ፍርድ ቤቱ ፍትሕን በሴት አምሳል ሣላት። ቆዳዋ ጠየም ያለ ነው። ከተማው ተንጫጫ፤ ዳኛው በመጋረጃ አስሸፈኑት። ለብዙ ዘመን መጋረጃ ጀርባ ነበረች። አርት ያለበት ከተማ ሁሉ አርት ወዳድ ነው ማለት አይደለም። ደወል ተደወለ፣ ቻው።

---

ሰብለ_ካንሳስ (ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10)

የበሬው ዐይን ❤️ ነገ እኛ ሰፈር ፖስታ ቤት ገብቼ በሩ ላይ አንጋጥጣለሁ።

---

ጋሼ_ታፔላ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25)

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ብዙ አልጽፍም፣ የልጅ ልጄ ናት ይህን መድረክ የምትከፍትልኝ። ሚኒሶታ ነው ያለሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ታፔላ ጸሐፊ ነበርኩ፤ አዲስ አበባ፣ ጥቂት ጊዜም ድሬዳዋ። ቡና ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ልብስ ስፌት። በደርግ ጊዜ የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ጺም ስንቴ እንደቀባሁ አልቆጠርኩትም። የማርክስ ጺም ብዙ ነጭ ይበላል።

የድሬውን ልጅ ጥያቄ አነበበችልኝ። ሁላችሁም ስለ ትዝታ ትሟገታላችሁ፤ እኔ ስለ ቀለሙ ልንገራችሁ።

ያ የጡብ ግድግዳ ጽሑፍ ለምን አልጠፋም? የድሮው ነጭ ቀለም እርሳስ ነበረበት፤ የሚመርዘው እርሳስ፣ መጻፊያው አይደለም። በተልባ ዘይት ተለውሶ ሲቀባ ጡቡ ውስጥ ይሰርጋል። ሌላው ቀለም በፀሐይ ሲሄድ ነጩ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ የምታዩት ሰውየው የጻፈውን ሁሉ አይደለም፤ አጽሙን ነው። ጥላው፣ ቀዩ፣ አረንጓዴው ሄዷል። ዝናብ ሲዘንብ ግን ጡቡ ይጠቁርና ጽሑፉ ይወጣል። ዝናብ ቀን ተመለስና እይ።

የሠሩትን ሰዎች እዚህ አገር «የግድግዳ ውሾች» ነበር የሚሏቸው፣ ቀን ሙሉ ግድግዳ ላይ በገመድ ታስረው ስለሚውሉ። ኮካ ኮላ የመጀመሪያውን የግድግዳ ማስታወቂያ በ1894 ጆርጂያ ውስጥ ካርተርስቪል ከተማ መድኃኒት ቤት ላይ ነው ያስጻፈው፤ ልጄ ወስዳኝ በእጄ ነክቼዋለሁ። እንዳትነኩ ይላል፣ እኔ ግን የሙያ ሰው ነኝ።

ኦሃዮ ውስጥ ሃርሊ ዋሪክ የሚባል ሰው ነበር። ከሁለተኛው ጦርነት ተመልሶ የትምባሆ ማስታወቂያ በጎተራ ላይ መጻፍ ጀመረ፤ ሃያ ሺህ ገደማ ጎተራ ጽፎ በ2000 ዓረፈ። ገበሬው ጎተራውን የሚሰጠው ለምን ነበር? ፊት ለፊቱን ለማስታወቂያው ይፈቅዳል፣ የቀረው ግድግዳ በነጻ ይቀባለታል። እንጨቱ ከዝናብ ይድናል። እኛም ቡና ቤት ስንጽፍ እንዲሁ ነበር፤ የቢራ ፋብሪካው ቀለሙን ይሰጣል፣ ባለቤቷ ግድግዳዋን ትሰጣለች፣ እኔ ምሳ እበላለሁ።

ይህ ሰው አንድ ጸባይ ነበረው። የማስታወቂያው የመጀመሪያ ቃል አራት ፊደል ነው። ከሦስተኛው ፊደል ነበር የሚጀምረው፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ አንደኛውን፣ መጨረሻ አራተኛውን። ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቀውም ነበር ይላሉ። እኔ ግን ስሰማ ሳቅሁ። ከመሀል የጀመረ ቦታ አያልቅበትም።

ድሬ፣ ያ የተጨናነቀውን ጽሑፍ ፎቶ ላክልኝ እስቲ። ሙሉውን ሳይሆን መጨረሻውን፣ ጠጋ ብለህ።

---

ድሬ_ቀዚራ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እንደዚህ ዓይነት መልስ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ሰዓቴ ሞልቶ ዛሬ ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ለዚሁ ብዬ በእግሬ ተመልሼ ነበር፤ ሦስት ፎቶ አንስቻለሁ፣ ይኸው ለጠፍኩት። ሦስተኛው በጣም ቅርብ ነው፣ መዳፌን አጠገቡ ያደረግሁት ልክ እንዲታይዎ ነው።

---

ጋሼ_ታፔላ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10)

አየሁት። የልጅ ልጄ አጉልታ አሳየችኝ።

ይህ ልጅ ነው፤ ገና ለማጅ። ከላይና ከታች ክር መትቷል፣ የጠመኔው መስመር ያረፈበት ቦታ አሁንም ይታያል፣ በሁለተኛው ፎቶ በስተቀኝ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ጌታው ነው የመታለት። ፊደሎቹን ግን ከግራ ጀምሮ እያማረ እያማረ፣ ሰፋ ሰፋ አድርጎ ሄደ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ገባው። እያቸው፣ ከስድስተኛው በኋላ የፊደሉ እግር ወፍራምነት አልተቀየረም፣ መሀል ያለው ክፍተት ነው የጠበበው። ለመሰረዝ አልደፈረም። የመጨረሻዋ ፊደል ማዕዘኑን ዞራ ሌላኛው ግድግዳ ላይ ጅራቷ ገብቷል። ጌታው ሲያይ ምን እንዳለው እኔ ልነግርህ እችላለሁ።

ዶሮ ማነቂያ ውስጥ አንዲት እትዬ ምግብ ቤት ነበረቻቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በትልቁ «ምግብ ቤት» ብዬ ልጽፍ ገባሁ። «ምግብ»ን እንደ ሠርግ አስጊጬ ጻፍኩት፣ ጥላ ሰጠሁት፣ ወርቃማ ጠርዝ። «ቤ»ም ደህና። «ት» ግን ቦታ አጣችና የበሩ መዝጊያ ላይ ወጣች። በሩ ሲከፈት «ምግብ ቤ» ይላል፣ ሲዘጋ ነው «ት» የምትመለስ። አሥራ አምስት ብር ተስማምተን አሥር ሰጡኝ። «ቀሪውን በሩን ስዘጋ እሰጥሃለሁ» አሉኝ። ዕድሜ ልኬን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር በሌላው ወገን ነበር የምሻገረው። አሁን ሰፈሩ ፈርሷል፤ ፎቶ እንኳ የለኝም።

መውጫው ቁጥር ስንት ነው? ልጄ በነሐሴ ወደ አሪዞና እንነዳለን ትላለች።

---

ድሬ_ቀዚራ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22)

332 ጋሼ። ከአይ-40 ወርዳችሁ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐዲዱ። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ግድግዳውን ፊት ለፊት ስለምትመታው ነጩ አይለይም።